በጎንደር ዶፍ ሲወርድ፦ ከተማዋን ለማያውቅ እንግዳ የተዘጋጀ መመሪያ

ጎንደርን ለመጎብኘት ብዙ ሰው የሚመርጠው ጥርን ነው፤ ጥምቀት አለ፣ ሰማዩም ጥርት ያለ ነው። ሆኖም ትምህርት ቤት የሚዘጋው በክረምት በመሆኑ፣ ልጆቹን ይዞ ወይም ከሥራው ዕረፍት ወስዶ ወደ ከተማዋ የሚመጣው እንግዳ ቁጥሩ ቀላል አይደለም፤ የሚመጣውም ዝናቡ በሚበረታባቸው በሐምሌና በነሐሴ ነው። ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀው ለዚህ እንግዳ ነው፤ ማለትም ከተማዋን ለማያውቅ፣ የሚያስጠጋው ዘመድ ለሌለው፣ ካረፈበት ሆቴል ርቆ ሳለ ዶፍ ለሚወርድበት ሰው።

ዋናው ምክር አጭር ነው። የጎንደር ዶፍ ኃይለኛ ቢሆንም አብዛኛውን ጊዜ ዕድሜው አጭር ነው፤ ስለዚህ ከዝናቡ ጋር ከመሽቀዳደም ይልቅ ከፍ ባለ ቦታ፣ ጣራ ባለው ስፍራ ቆሞ እስኪያባራ መጠበቅ ይሻላል። በድጥ ላይ መሮጥ፣ ጎርፍ ማቋረጥና ከዛፍ ሥር መሸሸግ ከመርጠብ የከፋ ጉዳት ያመጣሉ። ልብስ ይደርቃል፤ የተሰበረ እግር ግን ጉዞውን ያስቀራል።

ዝናቡ መቼና እንዴት እንደሚመጣ

በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ዘመነ ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ያለው ጊዜ ነው። የጎንደር ሰማይ ግን ይህን ድንበር ሁልጊዜ አያከብርም። ገና ግንቦት ሳይወጣ መብረቅና በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ሊጥል ይችላል፤ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ይበረታል፤ መስከረም ከገባ በኋላ እየሳሳ ይሄዳል። «ቡሄ ካለፈ የለም ክረምት፣ ዶሮ ከጮኸ የለም ሌሊት» የሚለውን አባባል ይዞ ከነሐሴ 13 በኋላ ዣንጥላውን ትቶ የሚወጣ እንግዳ አባባሉን ከልክ በላይ አምኗል፤ ከቡሄ በኋላም፣ በጳጉሜንና በመስከረም መጀመሪያ ሳይቀር፣ አጥንት ድረስ የሚያበሰብስ ዝናብ አለ።

የቀኑን አካሄድ ማወቅ ደግሞ የወሩን ከማወቅ ይበልጥ ይጠቅማል። በክረምት የጎንደር ጠዋት ብዙ ጊዜ ብራ ነው፤ ፀሐይዋም ከዝናብ ማግስት ስለሆነች ታቃጥላለች። እርሷ የረጠበውን መሬት ስታሞቅ እርጥበት ያዘለው አየር ወደ ላይ ይወጣል፤ በከተማዋ ዙሪያ ያሉት ተራሮችም ሽቅብ ይገፉታል፤ ከፍታው ላይ ሲቀዘቅዝ ደመና ይሆናል። ከቀኑ 6 ሰዓት ገደማ ነጭ የነበረው ክምር ደመና፣ 8 ወይም 9 ሰዓት ሲሆን ሥሩ ይጠቁርና ይወርዳል። በዚህ ምክንያት ዶፉ የሚበዛው ከሰዓት በኋላና አመሻሽ ላይ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ሲያካፋ የሚያድርበት፣ ቀኑንም በጭጋግ ተሸፍኖ የሚውልበት ጊዜ አለ፤ ይህኛው ግን ያሰለቻል እንጂ አያሰጋም።

እንግዲህ በእግር የሚያስኬደውንና ጣራ የሌለውን ጉብኝት በጠዋት መጨረስ ነው። የእቴጌ ምንትዋብ ቤተ መንግሥት ፍራሽና ቤተ ክርስቲያን የሚገኙበት ቁስቋም፣ የፋሲለደስ መዋኛ፣ ከጎሃ ኮረብታ ላይ ሆኖ ከተማዋን ማየት፣ እነዚህ ሁሉ የጠዋት ጉዳዮች ናቸው። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል ላይ የወጣ ሰው እስከ 6 ሰዓት ብዙ ያያል። ከሰዓት በኋላውን ለምሳ፣ ለቡና፣ እንዲሁም ቤት ውስጥ ለሚታይ ነገር ማቆየት ነው። እንደ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ያለ ቦታ በቀን መካከል ሊዘጋ ስለሚችል፣ ከመሄድዎ በፊት የሚከፈትበትን ሰዓት ሆቴልዎ ውስጥ ይጠይቁ።

ዶፉ ከመድረሱ በፊት የሚታይ ምልክት አለ። ጸጥ ብሎ የነበረው አየር በድንገት ይቀዘቅዛል፤ አቧራና ፌስታል እያነሣ የሚሽከረከር ነፋስ ይመጣል። በየግቢው በር ስጥ ያሰጡ እናቶች ዕቃቸውን ይዘው ይወጣሉ፤ እህሉን በሁለት እጃቸው እየሰበሰቡ፣ ልጆቹን «ቶሎ በል!» እያሉ ሲያጣድፉ ይሰማል። ሊስትሮው ብሩሹን ሳጥኑ ውስጥ ይከትታል፤ የመንገድ ዳር ነጋዴ ሸራውን ይዘረጋል። የሰማዩን ጠባይ የሚያውቁት እነርሱ ናቸውና እነርሱ ሲጣደፉ ካዩ የስልክዎ ትንበያ ምንም ይበል ምን መጠለያዎን ይምረጡ፤ የቀረዎት ጥቂት ደቂቃ ነው።

በቦርሳ ውስጥ የሚያዝ

ዣንጥላ መልካም ነው፤ ነገር ግን ነፋስ በቀላቀለ ዶፍ ከወገብ በታች አያድንም፤ ሲገለበጥም ሁለቱን እጅ ይይዛል። ቆብ ያለው ቀለል ያለ የዝናብ ልብስ ይበልጣል። ሁለት ጠንካራ ፌስታል ይያዙ፤ አንዱ ለስልክ፣ ለመታወቂያና ለገንዘብ፣ ሌላው ለደረቅ ካልሲና ለአንድ ካናቴራ ይሆናል። ጂንስ ሱሪ ባይለብሱ ይመረጣል፤ ውሃ ሲጠጣ ይከብዳል፤ በክረምትም በአንድ ሌሊት አይደርቅም። ጫማው ሶሉ የሚቆነጥጥ መሆን አለበት። ከገጠር ወደ ገበያ የሚመጡት ገበሬዎች ላስቲክ ተከናንበው፣ አንዳንዶቹም ሣር የተጎነጎነ ገሳ ደርበው ሲሄዱ ቢያዩ አይደነቁ፤ ከትከሻ ላይ ውሃን እንደሚያንሸራትት ልብስ ገሳ ዛሬም ተወዳዳሪው ጥቂት ነው።

ሁለት ትናንሽ ነገሮች ደግሞ ብዙ ችግር ያቃልላሉ። አንደኛው ያረፉበትን ሆቴል ስም፣ የሰፈሩን መጠሪያና የሆቴሉን ስልክ ቁጥር በወረቀት ጽፎ መያዝ ነው፤ ስልክ ሲረጥብ ወይም ባትሪው ሲያልቅ ካርታውም አብሮ ይጠፋል። ሁለተኛው ዝርዝር ብር ነው። በመብረቅና በነፋስ ጊዜ መብራት መቋረጡ ያለ ነገር ነው፤ መብራት ሲሄድ ኤቲኤም ይቆማል፤ ኔትወርክ ሲደክምም በቴሌብር መክፈል አይቻል ይሆናል። የባጃጅ ሾፌር ደግሞ በዝናብ መሐል መልስ ፍለጋ ከሱቅ ሱቅ አይዞርም።

ከተማዋን በውሃው አካሄድ ማንበብ

ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ፣ በሁለት ወንዞች መካከል በተዘረጋ ጉብታ ላይ የተቆረቆረች ከተማ ናት። በምዕራብ በኩል ቀሃ፣ በምሥራቅ በኩል አንገረብ ይወርዳሉ፤ ውሃቸው ወደ ደቡብ ፈስሶ በመገጭ በኩል ጣና ይገባል። አፄ ፋሲል በ1636 እ.ኤ.አ. መናገሻቸውን ያደረጉት በዚህ ጉብታ ላይ ነበር፤ ዛሬም የፋሲል ግንብና ፒያሳ ጎን ለጎን የሚገኙት በዚሁ ከፍታ ላይ ነው።

ይህ አቀማመጥ ለታሪክ ፈላጊ ብቻ ሳይሆን ዝናብ ለያዘውም ሰው ይጠቅማል። በማያውቁት ሰፈር ሳሉ ዶፉ ወርዶ አቅጣጫ ቢጠፋብዎ፣ መንገድ ዳር የሚፈሰውን ውሃ ይመልከቱ። ውሃው የሚሮጠው ወደ ቀሃ ወይም ወደ አንገረብ ነው፤ በከተማዋ መሐል ክፍል ከሆኑ ከውሃው በተቃራኒ ሽቅብ የሄደ ሰው ወደ ጉብታው፣ ወደ ዋናው አስፋልትና ወደ ሱቆቹ ይቀርባል። ውሃውን ተከትሎ ቁልቁል የወረደ ግን ጎርፉ ወደሚሰበሰብበት፣ ባጃጅም ወደማይገኝበት ይሄዳል። አቋራጭ የሚመስሉት በግቢዎች መካከል የሚወርዱ ጠባብ መንገዶች በዝናብ ጊዜ ቦይ ናቸው፤ ጠዋት ላይ የመጡበት ቢሆንም እንኳ በዚያ አይመለሱ። «ፒያሳ በየት ነው?» ብለው ቢጠይቁ የማይመልስልዎ የለም።

የት መጠለል እንደሚገባ

ጎንደር ውስጥ በሰው በረንዳ ላይ መጠለል ነውር አይደለም፤ ዝናብ ሲጥል የሱቅ በረንዳ ለጊዜው የሁሉም ነው። ከሱቁ አፍ ላይ ቆሞ መግቢያ መዝጋት ግን ደግ አይደለም፤ ወደ ጎን መጠጋት ይገባል። መኖሪያ ግቢ ከሆነ ድምፅ ማሰማትና መጠየቅ ያስፈልጋል። «እማማ፣ ዝናቡ እስኪያባራ እዚህ ልጠለል?» ቢሉ፣ «ግባ ልጄ፣ ምን በደጅ ያቆምሃል?» የሚል መልስ ያገኛሉ። በር ላይ ጫማውን ጠርጎ፣ ዣንጥላውን ውጭ አራግፎ የገባ እንግዳ ወንበር ይሳብለታል። ቡና ተፈልቶ ከሆነ ደግሞ «ጠጣ» መባሉ አይቀርም፤ አቦሉን ተቀብሎ መቀመጥ ነው፤ ብዙ ጊዜ ቶናው ሳይደርስ ያባራል። በሰው ቤት ለተጠጣ ቡና ገንዘብ ማውጣት ቅር ያሰኛል፤ ምርቃትና ምስጋና ይበቃል። በመንገድ ዳር ጀበና ቡና ላይ ግን ሂሳብ ይከፈላል፤ በተለይ ረጅም ሰዓት ወንበር ይዘው ከቆዩ ሁለተኛ ስኒ ማዘዝ ተገቢ ነው።

የሚቆሙበትን ቦታ ሲመርጡ ከጣራው ጫፍ ይልቅ ከላይዎ ያለውን ሁሉ ይመልከቱ። የአሸንዳ አፍ ሥር የቆመ ሰው ከዝናቡ ይልቅ በአሸንዳው ይበሰብሳል። በገበያ ሰፈር ደግሞ ከሱቅ ሱቅ የተወጠረው ሸራ ውሃ እየያዘ ወደ ታች ይረግባል፤ ባለሱቁ ከውስጥ ሆኖ በእንጨት ሽቅብ ሲገፋው ያ ሁሉ ውሃ በአንድ ጊዜ ከጫፉ ይዘረገፋል፤ ሸራው ሆዱን ነፍቶ ካዩት ከጠርዙ ራቅ ብለው ይቁሙ። ያረጀ የጭቃ ግድግዳና ያለ ሲሚንቶ የተካበ የድንጋይ አጥር ለሳምንታት ዝናብ ጠጥቶ የሰነበተ ስለሆነ ሊናድ ይችላልና አይደገፉት።

ፒያሳ ላይ ዝናብ የያዘው ሰው ዕድለኛ ነው። በጣሊያን ዘመን ከተሠሩት ፎቆች አንዳንዶቹ የእግረኛውን መንገድ የሚያለብስ ከለላ አላቸው፤ ካፌው፣ ዳቦ ቤቱ፣ ምግብ ቤቱም ቅርብ ለቅርብ ነው። ከነሐሴ 1 እስከ 15 የፍልሰታ ጾም በመሆኑ ብዙ ቦታ የሚቀርበው የጾም ነው፤ ለበረደው ሰው ደግሞ ከሸክላው ላይ እየተንተከተከ ከሚመጣ ተጋቢኖ የተሻለ ነገር የለም።

ፋሲል ግንብ ውስጥ ሳሉ ዶፉ ቢወርድ መውጫውን ፍለጋ አይሩጡ። ግቢው ሰፊ ነው፤ በሕንፃዎቹ መካከል ያለው ሣርና ድንጋይ ሲረጥብ ያንሸራትታል። ከ1979 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ይህ ግቢ ሁሉም ሕንፃ ጣራ ያለው አይደለም፤ የአፄ ኢያሱ ቤተ መንግሥት ለምሳሌ ጣራው ፈርሶ ለረጅም ዘመን የኖረ ነው፤ ከሩቅ ሲታይ መጠለያ የመሰለው ቅጥር ገብተው ሲያዩት ሰማይ ብቻ ሊሆን ይችላል። የአፄ ፋሲል ቤተ መንግሥት ምድር ቤት የተሻለ ነው። ነጎድጓድ ካለ ወደ ሰገነቱ አይውጡ፤ ከመስኮትና ከበር አፍም ራቅ ይበሉ። አስጎብኚ ይዘው ከሆነ ያቋረጠውን ታሪክ እዚያው ተቀምጦ እንዲጨርስልዎ ይጠይቁት፤ ከዚህ የተሻለ ጊዜ አያገኝም።

ወደ ደብረ ብርሃን ሥላሴ የሄደ እንግዳ ሌላ ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። ቤተ ክርስቲያኑ የሚገባው በባዶ እግር ወይም በካልሲ ነው፤ የጨቀየ ካልሲ ይዞ መግባት ምንጣፉንም ሌላውንም ምእመን ያስቸግራል፤ ደረቁን ካልሲ በፌስታል ያስያዝንዎት ለዚህም ጭምር ነው። በ1888 እ.ኤ.አ. ደርቡሾች የጎንደርን አብያተ ክርስቲያናት ሲያቃጥሉ የተረፈው ይህ ደብር፣ ጣራውን የሞሉት የመላእክት ፊቶችና የግድግዳ ሥዕሎቹ እርጥበት የሚጎዳቸው ናቸው። ስለዚህ የዝናብ ልብስና ዣንጥላ ውጭ ይራገፋል፤ ግድግዳውን መደገፍም ሆነ በረጠበ እጅ መንካት ፈጽሞ አይገባም። ቅዳሴ ወይም ማሕሌት ላይ ከደረሱ በደጀ ሰላሙ መጠለል ይበቃል። በግቢው ያሉት ረጃጅም ጽዶች ግን መጠለያ አይደሉም፤ ምክንያቱ ቀጥሎ ተገልጿል።

መብረቅ

የኢትዮጵያ ደጋ በክረምት መብረቅ የሚበዛበት ምድር ነው፤ በየዓመቱም ሰውና ከብት ይሞታል። ብልጭታውን ካዩ በኋላ ድምፁ እስኪሰማ ሰከንድ ይቁጠሩ፤ ድምፅ አንድ ኪሎ ሜትር ለመጓዝ ሦስት ሰከንድ ገደማ ስለሚፈጅበት፣ የቆጠሩትን ለሦስት ቢያካፍሉ ርቀቱን በኪሎ ሜትር ያገኙታል። ከ30 ሰከንድ በታች ከሆነ መብረቁ ከ10 ኪሎ ሜትር ባነሰ ርቀት ላይ ነውና ወዲያው ቤት ይግቡ። የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ በኋላም ግማሽ ሰዓት ቢቆዩ መልካም ነው፤ ዝናቡ አባርቶ ሳለ የሚወርድ መብረቅ አለ።

የሚሸሸው ከብቻው ከቆመ ዛፍ፣ ከኮረብታ አናት፣ ከብረት አጥር፣ ከኤሌክትሪክ ምሰሶና ከሜዳ ነው። በፋሲለደስ መዋኛ ዙሪያ ግንቡን በሥሮቻቸው ያቀፉት ትልልቅ ዛፎች ለፎቶ የሚያምሩትን ያህል በነጎድጓድ ጊዜ አደገኛ ናቸው። ጎሃ ኮረብታ ላይ ከሆኑ እዚያው ባለው ሆቴል ውስጥ ይግቡ፤ ከአናቱ ላይ ሆኖ የመብረቁን ብልጭታ መቅረጽ ይቅርብዎ። ጣራው ብረት የሆነ መኪና መስኮቱ ከተዘጋ ከመብረቅ ይከላከላል፤ ጣራው ሸራ የሆነና ጎኑ የተከፈተ ባጃጅ ግን ከዝናብ እንጂ ከመብረቅ አያስጥልም። ምንም ቤት በሌለበት ቢይዝዎ መሬት ላይ አይተኙ፤ ከከፍታው ይውረዱ፤ ብዙ ከሆናችሁም ተራርቃችሁ ሂዱ።

መብረቅ የመታው ሰው ሰውነቱ ኤሌክትሪክ አይዝም፤ መንካት አደጋ የለውም። ትንፋሹ ከቆመ ወዲያው ደረቱን በመጫን መርዳት ይቻላል፤ ብዙ ሰው በዚህ ይድናል። የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል። አንድ ሰው ሲረዳ ሌላው ይደውል።

መንገዱና ጎርፉ

ዝናቡ ሳያባራ መንቀሳቀስ ግድ ከሆነ በዋናው መንገድ ይሂዱ። የኮብልስቶን መንገድ ሲረጥብ ያንሸራትታል፤ በተለይ ብዙ እግር የላገው ቁልቁለት ላይ እርምጃን አሳጥሮ፣ ጉልበትን ሰበር አድርጎ፣ ሙሉ ጫማን እያሳረፉ መሄድ ይሻላል። ኮብሉ አንሸራተተኝ ብሎ በጎኑ ወዳለው የአፈር መንገድ መውጣት በትክክል ከድጡ ወደ ማጡ ነው፤ የጎንደር ጥቁርና ቀይ አፈር ሲረጥብ ጫማውን ይዞ ያስቀራል።

ከሁሉ የሚያሰጋው ክዳን የሌለው የውሃ መውረጃ ቦይ ነው። ጎርፉ መንገዱን ሲያለብሰው ቦዩና አስፋልቱ አንድ ይመስላሉ። ውሃው በአንድ ቦታ ላይ የሚሽከረከር ወይም ወደ ውስጥ የሚሰረጉድ ከመሰለ ከሥሩ ቀዳዳ አለ። የታጠፈ ዣንጥላዎን እንደ ምርኩዝ ይዘው ከፊትዎ ይሞክሩ፤ ሥሩ የማይታይ ውሃ ውስጥ ሳይነኩ አይግቡ። የሚፈስ ጎርፍ 15 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ብቻ ቢኖረው አዋቂን ሰው ሊጥል ይችላል፤ 30 ሴንቲ ሜትር ሲደርስ ትንሽ መኪና ያንሳፍፋል። የወደቀ የኤሌክትሪክ ሽቦ ካዩ፣ በተለይ ውሃ ውስጥ ከሆነ፣ ቢያንስ 10 ሜትር ይራቁ፤ ሌላ መንገደኛ ሲመጣም ጮኸው ያስቁሙት።

ቀሃንና አንገረብን በተመለከተ አንድ ነገር በተለይ መታወቅ አለበት። በበጋ በድንጋይ ላይ እየተረማመዱ የሚሻገሩት ወንዝ በክረምት ሌላ ነው። እርስዎ ያሉበት ቦታ ባይዘንብም ከላይ ከተራራው የወረደው ዝናብ ደራሽ ጎርፍ ሆኖ ሊመጣ ይችላል፤ ውሃው በድንገት ሲደፈርስ፣ ቅጠልና ጭራሮ ሲያመጣ፣ ድምፁም ሲለወጥ ከዳርቻው ወዲያው ሽቅብ መውጣት ነው። በድልድይ የማይሻገሩትን ውሃ አይሻገሩ። የአካባቢው ልጆች ሲሻገሩ ማየት ማረጋገጫ አይሆንም፤ እነርሱ ድንጋዩን አንድ በአንድ ያውቁታል።

ባጃጅ በዝናብ ጊዜ ይጠፋል፤ ሲገኝም ዋጋው ይጨምራል። መጠነኛ ጭማሪ አግባብ ነው፤ ሾፌሩም በጭቃና በጎርፍ ነው የሚሠራው፤ ነገር ግን ሳይሳፈሩ ዋጋውን ይነጋገሩ፤ ብቻዎን በኮንትራት ይሁን ወይም ከሌሎች ጋር መሆኑንም ይለዩ። የሚቀመጡት ከኋላ መሐል ላይ ነው፤ ዳር ከደረሰዎ የላስቲኩን መጋረጃ በእጅዎ ይዘው መሄድ ይኖርብዎታል፤ ከሾፌሩ ጎን ግን አይቀመጡ። ሾፌሩ ጎርፍ ላይ ሊገባ ሲል «ጋሼ፣ ጎደል እስኪል ቆመን እንጠብቅ» ማለት መብትዎ ነው፤ ባጃጅ ሦስት ትንንሽ ጎማ ያለው ቀላል ዕቃ ነው፤ ውሃ ውስጥ መሐል ላይ ከጠፋ የሚገፋው ተሳፋሪው ነው። ሚኒባስ ታክሲ ከተገኘ ይመረጣል። የትራንስፖርት የሰዓት ገደብ በየጊዜው ሊኖር ስለሚችል በዕለቱ ባጃጅ እስከ ስንት ሰዓት እንደሚሠራ ጠዋት ሆቴል ውስጥ ይጠይቁ፤ ዝናቡ 11 ሰዓት ላይ ካላባራ፣ ከጨለማ ጋር ከመሻማት ካፊያውን ታግሦ መሄድ ይሻላል።

ወደ ማረፊያ ከተመለሱ በኋላ

በጎንደር ከፍታ የክረምት ምሽት ይበርዳል፤ እርጥብ ልብስ ለብሶ መቀመጥ የሰውነትን ሙቀት በፍጥነት ይጨርሳል። መጀመሪያ እርጥቡን ሁሉ አውልቆ፣ ሰውነትን በፎጣ አድርቆ፣ ደረቅ መልበስና ብርድ ልብስ ወይም ጋቢ መደረብ ነው። ሻይ በጦስኝ ወይም በዝንጅብል ይጠጡ። «አረቄ ያሞቃል» የሚሉ ብዙ ናቸው፤ አረቄ ግን በቆዳ ሥር ያሉትን የደም ሥሮች እያሰፋ የውስጡን ሙቀት ወደ ውጭ ያስወጣል፤ ሞቀኝ ባይ ሳለ እየቀዘቀዘ ነው። ልጅ ወይም ሽማግሌ አብሮዎት ካለ ይበልጥ ይከታተሉ፤ ሲንቀጠቀጥ የነበረው ሳይሞቀው መንቀጥቀጡ ከቆመ፣ ንግግሩ ከተኮላተፈ ወይም ግራ ከተጋባ ወደ ሆስፒታል መውሰድ ያስፈልጋል።

የከሰል ማንደጃ ወደ መኝታ ክፍል አያስገቡ። በክረምት በአገራችን ሰው እየገደለ ያለ ነገር ነው፤ ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ በተዘጋ ክፍል ውስጥ የተኛን ሰው ሳይነቃ ይወስዳል። ከሰሉ ጢሱን ጨርሶ መፋሙ አያድንም። ነጎድጓዱ ካላቆመም በኤሌክትሪክ በሚሞቅ ሻወር ገላ አይታጠቡ፤ መብረቅ በሽቦም በቧንቧም ይመጣል።

እግርዎ ጎርፍ ውስጥ ገብቶ ከነበረ በሳሙና በደንብ ይታጠብ። ቁስል ካለ ያጽዱት፤ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ከወሰዱ ብዙ ዓመት ካለፈ ጤና ተቋም ይሂዱ። የሚጠጡት ውሃ የታሸገ ወይም የፈላ ይሁን፤ በክረምት ውሃ ይደፈርሳል።

ስልክዎ ውሃ ገብቶበት ከሆነ ያጥፉት፤ ከነበረበት መሸፈኛ ያውጡት፤ የቻርጅ ቀዳዳው ወደ ታች ሆኖ ቀስ ብለው ያራግፉት፤ ነፋስ ባለበት ቦታም ያቆዩት። ሩዝ ውስጥ መቅበር የተለመደ ቢሆንም ዱቄቱና ፍርፋሪው ቀዳዳው ውስጥ ይገባል፤ በምድጃ ማሞቅ ደግሞ ጨርሶ ያበላሸዋል። ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ ቻርጅ አያድርጉ። እስከዚያው ቤተሰብ እንዳይጨነቅ ከሆቴሉ ስልክ ይደውሉ።

ጫማውን ውስጡን በጋዜጣ ሞልተው ጋዜጣውን በየጥቂት ሰዓቱ ይለውጡ፤ ቆዳ ከሆነ እሳት ዳር አያስቀምጡት፤ ይሰነጠቃል። ጭቃው ሲደርቅ ሊስትሮ በደቂቃዎች ያነሣልዎታል፤ እርጥቡን ጭቃ ማሸት ግን ወደ ቆዳው ማስገባት ነው።

በማግስቱ ወደ ደባርቅና ወደ ስሜን ተራሮች ለመሄድ አስበው ከሆነ፣ መንገዱ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ዳገትና ጭጋግ ስላለው ሌሊት የጣለው ዝናብ ምን እንዳደረገው ከሾፌሮች ይጠይቁ፤ በብርሃን ተነሥተው በብርሃን ይድረሱ። በአውሮፕላን የሚመለሱ ከሆነ የአፄ ቴዎድሮስ አውሮፕላን ማረፊያ ከከተማው ወጣ ብሎ በአዘዞ በኩል ነው፤ ደመናና ጭጋግ በረራ ስለሚያዘገይ ከሆቴል ከመውጣትዎ በፊት ይደውሉ፤ መንገዱም በዝናብ ስለሚዘገይ ከተለመደው ሰዓት ቀድመው ይነሡ። ያልደረቀ ልብስ ይዞ መጓዝ ግድ ከሆነ ከደረቁ ለይተው በፌስታል ይቋጥሩት፤ ቤት እንደገቡም ሻንጣውን ከመክፈት በፊት ፌስታሉን ፈትተው ልብሱን ያስጡት፤ ተቋጥሮ ካደረ ሻጋታው አይለቅም።